ኤሌክትሮኑ እዚህም እዛም ከሆነ ስበቱ በየት በኩል ነው?

ይሄን ጥያቄ የጠየቀችኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። የከሰአት ፈረቃ፣ የመጨረሻው ፔሬድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ከኋላ ያሉት ድምፄን ይስሙት አይስሙት እንጃ። ሞደርን ፊዚክስ ላይ ነን። ኤሌክትሮን በሁለት ቀዳዳ ሲላክ በዚህኛው ነው ያለፈው ወይ በዛኛው ነው ያለፈው ማለት እንደማይቻል፣ ሱፐርፖዚሽን ሚባለውን ነገር ማለቴ ነው፣ ቦርዱ ላይ ስዬ ጨርሼ ጠመኔውን አስቀምጫለሁ። ብዙ የማታወራ ልጅ ነበረች፣ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ኤሌክትሮን ማስ አለው አይደል?"

"አለው።"

"ማስ ያለው ነገር ሁሉ ይስባል ብለውን ነበር።"

"አዎ፣ ይስባል።"

"ታዲያ ኤሌክትሮኑ እዚህም እዛም ከሆነ ስበቱ በየት በኩል ነው?"

ዝም አልኩ። ከዛ "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ፈተና ላይ አይመጣም" አልኳት። ተቀመጠች። ደወል ተደወለ፣ ደብተራቸውን ዣንጥላ አርገው እየሮጡ ወጡ፣ እኔም ወጣሁ። ግን ያቺ መልሴ እስካሁን ትቆረቁረኛለች። የፈተናው ነገር እውነት ነው፣ አይመጣም። ልጅቷ ግን ያነሳችው ፊዚክስ ውስጥ እስከዛሬ መልስ ያልተገኘለትን ትልቁን ጥያቄ ነው፣ ማንም ሳይነግራት፣ ሁለት የተማረቻቸውን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ አይታ።

በኋላ ሳነብ ነው ታዋቂው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማንም ይሄንኑ እንዳነሳው ያወኩት። በ1957 (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ጥር ላይ አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ቻፕል ሂል ውስጥ ስለ ስበት ትልቅ ስብሰባ ነበር። ፋይንማን እዛ ተነስቶ ያቀረበው ሀሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ኳስ ሱፐርፖዚሽን ውስጥ ይግባ፣ እዚህም ነው እዛም ነው። ስበቱ ሌላ ኳስ ይጎትታል። እንግዲህ ስበቱም ራሱ ሁለት አይነት ሆኖ ሱፐርፖዚሽን ውስጥ ይገባል፣ ወይም ደሞ ኳንተም መካኒክስ፣ የጥቃቅኑ አለም ፊዚክስ ማለት ነው፣ ትልልቅ ነገር ላይ ሲደርስ የሆነ ቦታ ላይ ይሰበራል። ሶስተኛ መንገድ ብዙም አይታየውም ነበር። ከዛ ወዲህ ከ60 አመት በላይ አለፈ፣ ማንም ላብራቶሪ ገብቶ አይቶ የመጣ የለም።

ለምን? ስበት ደካማ ስለሆነ ነው። ይሄ ለተማሪዎቼ ሁሌም ማይዋጥላቸው ነገር ነው፣ ምክንያቱም ስበትን በትከሻቸው ያውቁታላ፣ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ልጅ ስበት ደካማ ነው ስትለው ምን ይላል። ስለዚህ በየአመቱ አንድ ነገር አሳያቸዋለሁ። ከተበላሸ ሬድዮ ስፒከር ውስጥ የወጣች ማግኔት አለችኝ፣ ጫፏ ተሸርፏል፣ ዝጋለች። ጠረጴዛ ላይ የልብስ ስፌት መርፌ አስቀምጥና ማግኔቷን ቀስ አርጌ ከላይ አወርዳለሁ። መጀመሪያ መርፌዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዛ በአንድ ጫፏ ትነሳለች፣ ከዛ ጧ ብላ ትለጠፋለች። አሁን አስቡት እላቸዋለሁ፣ ከታች መርፌዋን የሚጎትታት መሬት ነው፣ ተራራው፣ ውቅያኖሱ፣ መሃሉ ላይ ያለው ብረት ሁሉ ባንድ ላይ፣ ከላይ ደሞ አውራ ጣት የምታክል ማግኔት፣ ማን አሸነፈ? ፕሮቶን እና ኤሌክትሮን መሀል ያለው የኤሌክትሪክ ጉልበት ከስበታቸው የሚበልጠው ከ1 ኋላ 39 ዜሮ ተደርድሮ በሚፃፍ ቁጥር ነው። ክፍሉ ሁሌም እዚህ ጋር ፀጥ ይላል።

ስለዚህ የአንድ ኤሌክትሮን ስበት እዚህ ነው እዛ ነው ብሎ መለካት በቃ የማይታሰብ ነው። የስበት ቅንጣት ናት የሚሏትን ግራቪቶንን አንድ በአንድ ለመያዝም ማሽን መስራት የማይሆን ነገር ነው እያሉ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ነበር። መንገድ የተከፈተው ማንም ባልጠበቀው በኩል፣ በኢንታንግልመንት በኩል ነው፣ እኔ በአማርኛ መጠላለፍ ነው የምለው።

መጠላለፍን ሰው ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ በጫማ ይጀምራል፣ እኔም በጫማ ልጀምር። ከአንድ ጥንድ ጫማ አንዱን በካርቶን አርጋችሁ ጅማ ላኩት፣ አንዱን ደሴ። ጅማ ያለው ሰው ካርቶኑን ከፍቶ የግራውን ካገኘ ደሴ ያለው የቀኙ እንደሆነ እዛው ያውቃል። እስካሁን ምንም ሚገርም ነገር የለም፣ ግራው ከመጀመሪያውም ግራ ነበር። የተጠላለፉ ቅንጣቶች ግን እንደዚህ አይደሉም። ካርቶኑ ሳይከፈት በፊት ግራ የሚባልም ቀኝ የሚባልም የለም፣ ሲከፈት ነው ሚወሰነው፣ ሆኖም ሁለቱ ይገጥማሉ። ይሄ ዝም ብሎ ፍልስፍና ይመስል ነበር፣ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 መለኪያ እስኪያበጅለት ድረስ። በ1969 ለላብ እንዲመች ተደርጎ በተስተካከለው ቀመር፣ ነገሩ የጫማ አይነት ከሆነ የመግጠሙ ልክ ከ2 አያልፍም፣ በኳንተም ግን እስከ 2.83 ይሄዳል። ተለካ፣ ከ2 አለፈ። በተለያየ ጊዜ እየደጋገሙ የለኩት ክላውዘር፣ አስፔ እና ዛይሊንገር በ2022 ኖቤል ተሸለሙ። ይህቺን የ2 እና የ2.83 ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

እንግዲህ ስበትና መጠላለፍ ሲገናኙ ምን ይፈጠራል? ሰው ለብዙ ጊዜ ሲጠይቅ የነበረው ስበት የተጠላለፉትን ያፋታቸዋል ወይ የሚለውን ነው። ስበት ኳንተም ላይ ምልክት እንደሚተው የታወቀው በ1975 ነው፣ ኮሌላ፣ ኦቨርሃውዘር እና ዌርነር ኒውትሮንን ሁለት መንገድ ላይ ከፈሉት፣ አንደኛው መንገድ ከሌላው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው፣ ሲያገናኟቸው የላይኛውና የታችኛው እኩል አልመጡም፣ የመሬት ስበት የኒውትሮኑን ሞገድ አዛብቶታል (ኳንተም ውስጥ ቅንጣት እንደ ሞገድም ነው የሚሄደው)። ግን ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ሁለት ቦታ የሆነው ኒውትሮኑ ነው፣ የሚስበው መሬት ነው፣ መሬት ደሞ ሁለት ቦታ አይደለችም። የተማሪዬ ጥያቄ ስለሚስበው ነገር ነበር።

ከዛ ቻይናዎቹ መጡ። በነሐሴ 2016 በጥንቱ ፈላስፋ በሞዚ ስም የሰየሟትን ሳተላይት አመጠቁ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና የተጠላለፉ ፎቶኖችን፣ የብርሃን ቅንጣቶችን ማለት ነው፣ ጥንድ ጥንድ እየሰራች አንዱን ወደ አንድ ጣቢያ ሌላውን ወደ ሌላ ጣቢያ ትልካለች፣ በጣቢያዎቹ መሀል ያለው ርቀት 1200 ኪሎ ሜትር ነው። ሳተላይቷ ላይ በሰከንድ ወደ 6 ሚሊዮን ጥንድ ይሰራል፣ ሁለቱም ጣቢያ ላይ ተሳክቶለት ሚያዘው ግን በሰከንድ 1 ገደማ ነው! ቀሪው በየመንገዱ ተበትኖ ይቀራል። ያቺ አንዷ ግን ተጠላልፋ ነው የምትደርሰው፣ ከ2 በላይ። በ2019 ደሞ ነገሩን ገልብጠው ሞከሩት፣ ጥንዱን ቲቤት ውስጥ ያለ ከፍታ ላይ ሰርተው አንዱን እዛው አስቀርተው ሌላውን ወደ ላይ ወደ ሳተላይቷ ላኩት። ምክንያቱም ከፍ ባልክ ቁጥር ሰአት ይፈጥናል (ራስ ዳሽን ጫፍ ያለ ሰአት ዳሎል ካለው በአመት ወደ 16 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል፣ እኔው አስልቼዋለሁ)፣ ሁለቱ ፎቶኖች የተለያየ ሰአት ውስጥ ሲያልፉ ዝምድናቸው ይላላል የሚል አንድ ቲዎሪ ነበር። አልላላም። ቲዎሪው መጀመሪያ በቀረበበት መልኩ ሊቆም አልቻለም፣ የተለመደው ኳንተም ያለው ነው የታየው።

እኔን እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ደስ ይለኛል፣ ግን ልቤን የነካው ቀጥሎ የመጣው ነው። ልጅቷ ከጠየቀችኝ ሶስት አመት ገደማ በኋላ፣ ታህሳስ 2017፣ ሁለት ፅሁፍ አንድ ጆርናል ላይ ጎን ለጎን ወጣ። አንዱ የሱጋቶ ቦስ እና የባልደረቦቹ፣ ሌላው የኪያራ ማርሌቶ እና የቭላትኮ ቬድራል። ሁለቱም ጥያቄውን ገለበጡት። ስበት የተጠላለፉትን ያፋታል ወይ ማለቱን ትተው፣ ስበት ያልተጠላለፉትን ሊያጠላልፍ ይችላል ወይ አሉ።

ለምን ይሄ ትልቅ ነገር እንደሆነ ሽማግሌ ይዤ ላስረዳ። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች አሉ፣ አንዱ በዚህ ቤት አንዱ በዛ ቤት፣ አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። መሀላቸው የሚመላለስ አንድ ሽማግሌ አለ። ሽማግሌው ቃል ያደርሳል፣ እንዲህ ብሏል፣ እንዲህ ብላለች። በቃል ብዙ ነገር መስማማት ይቻላል፣ የጫማ አይነት መግጠም በደንብ ይቻላል፣ አንተ ግራ ሁን እሷ ቀኝ ትሁን ማለት ነው። የኳንተም መጠላለፍ ግን በቃል አይፈጠርም፣ ሽማግሌው መቶ ጊዜ ቢመላለስ አይፈጠርም፣ ይሄ በሂሳብ የተረጋገጠ ነው። ከሌለው አይሰጥማ። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ጭራሽ ሳይገናኙ አንድ ቀን ተጠላልፈው ከተገኙ፣ ስለ ሽማግሌው ነው ያወቅነው፣ ሽማግሌው ራሱ ኳንተም ነገር ይዞ ነበር ሲመላለስ የከረመው። ሽማግሌው ስበት ነው። ግራቪቶን መያዝ አያስፈልግም፣ ስበትን ራሱን ማየት አያስፈልግም፣ ተጎጂ ይሆናል ሲባል የነበረው መጠላለፍ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ይሄን ያነበብኩ ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ተነስቼ ግቢ ውስጥ ስዞር ነበር።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት የአልማዝ ብናኝ ውሰዱ፣ የእያንዳንዱ ክብደት የ1 ግራም መቶ ቢሊዮንኛ፣ በአይን አይታይም። አልማዙ ውስጥ አንድ ጉድለት አለ፣ አንድ ካርበን የጎደለበት ቦታ እና ከጎኑ በካርበን ፈንታ የገባ ናይትሮጅን፣ እዛ ጉድለት ላይ ያለው ስፒን (ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚሆንበት ባህሪ) እንደ መሪ ያገለግላል፣ በማግኔት አማካኝነት ስፒኑ ወደ ላይ ከሆነ አልማዙን ወደ ግራ፣ ወደ ታች ከሆነ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ስፒኑን ሱፐርፖዚሽን ውስጥ ስታስገቡት አልማዙ ግራም ቀኝም ይሆናል፣ በሁለቱ ቦታዎች መሀል 250 ማይክሮ ሜትር ድረስ። ከጎኑ ሁለተኛው አልማዝ፣ እሱም ግራም ቀኝም። አራት ሁኔታ ተፈጠረ አይደል፣ ግራ ግራ፣ ግራ ቀኝ፣ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ቀኝ። ከአራቱ በአንዱ ብቻ የመጀመሪያው ቀኝና የሁለተኛው ግራ ፊት ለፊት ይጠጋሉ፣ 200 ማይክሮ ሜትር፣ ሁለት ሶስት የፀጉር ውፍረት። እዛ ላይ ስበታቸው ትንሽ ይበረታል፣ ስለዚህ የዛኛው ሁኔታ ሞገድ ከሌሎቹ ትንሽ ይዞራል። ሁለት ሰከንድ ተኩል ጠብቆ መልሶ መሰብሰብ ነው። ስፒኖቹን ብቻ ማየት። ሁለቱ መጠላለፋቸውን ለይቶ የሚያሳይ ልክ አለ፣ እንደ ቤል 2፣ ያንን ካለፉ አለቀ።

እንዴ ግን ስበቱ ምን ያህል ነው? እኔም ወረቀት አውጥቼ ሰራሁት። ሁለቱ ብናኞች የሚሳሳቡበት ጉልበት በኒውተን ሲፃፍ፣ ዜሮ ነጥብ ብላችሁ 30 ዜሮ ከደረደራችሁ በኋላ ነው የመጀመሪያው ቁጥር ሚመጣው። ተስፋ ያስቆርጣል። ግን የሞገዱ መዞር ሲሰላ ይሄ ትንሽ ነገር በርቀቱና በጊዜው ተባዝቶ ለፕላንክ ቁጥር (ኤች ባር ለሚባለው፣ ለኳንተም መሰረታዊ ቁጥር) ይካፈላል፣ የፕላንክ ቁጥር ደሞ የዛኑ ያህል ትንሽ ነው። ትንሽ ለትንሽ ሲካፈል ወደ 0.8 መጣልኝ። ዜሮ ነጥብ ስምንት! መታየት የሚችል ቁጥር ነው። ሶስት ጊዜ ደግሜ ሰራሁት፣ ያው ነው። እዛ ወረቀት ላይ ኒውተንም አለ ፕላንክም አለ፣ እንደዚህ ጎን ለጎን ተቀምጠው በላብ ሊነካ የሚችል ነገር ሲሰጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለምን እስካሁን አልተሰራም ካላችሁ፣ ከባድ ስለሆነ ነው፣ በጣም ከባድ። አንዲት የአየር ሞሎኪዩል አልማዙን ከነካችው የት እንዳለ አየችው ማለት ነው፣ ሱፐርፖዚሽኑ ያበቃለታል። አልማዙ ራሱ ሙቀት ካለው የሚያወጣው ጨረር ያሳብቅበታል። ኤሌክትሪክ ቻርጅ ካለው ስበት ምኑም አይሰማም፣ መርፌና ማግኔቷን አስታውሱ። ይሄ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ካዚሚር የሚባለው ጉልበት አለ፣ ሁለት ነገር በጣም ሲጠጋጋ ባዶው ራሱ ወደ አንድ ላይ ይገፋቸዋል፣ 200 ማይክሮ ሜትር ላይ የቆሙት እሱን ፈርተው ነው።

ደሞ መሀሉ ሰፊ ነው። ከታች በኩል ቪየና ውስጥ በ2019 ወደ 2000 አተም ያላቸውን ሞሎኪዩሎች ሱፐርፖዚሽን ውስጥ አስገብተዋል፣ አልማዙ ከነዛ ከ200 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይከብዳል። ከላይ በኩል እዛው ቪየና በ2021 ሁለት የወርቅ ኳሶች፣ ዲያሜትራቸው 2 ሚሊ ሜትር፣ ክብደታቸው 90 ሚሊ ግራም ገደማ፣ አንዱ ሌላውን ሲስብ ለክተዋል፣ ያ ደሞ ከአልማዙ ወደ 9 ቢሊዮን ጊዜ ይከብዳል። ስለ ወርቁ ሳነብ ያስደሰተኝ ነገር፣ ትልቁ ረብሻ የከተማው ትራምና የእግረኛው ንዝረት ነበር፣ ጥሩውን ውጤት ያገኙት ሌሊት ሌሊት እና በገና ሰሞን ከተማው ሲተኛ ነው። አንዱ ከታች ሌላው ከላይ እየቆፈሩ ነው፣ መሀል ላይ የሚገናኙበትን ቀን ነው ምጠብቀው።

ባይጠላለፉስ? ይሄንንም በቁም ነገር የሚያስቡ አሉ። ዲዮሺ በ1987፣ ፔንሮዝ በ1996፣ ስበት ራሱ ነው ሱፐርፖዚሽንን የሚያፈርሰው ብለዋል፣ ከባድ ነገር ሁለት ቦታ መሆን የማይችለው ለዛ ነው ማለት ነው። ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ስር የተደረገ ፍተሻ የዚህን ሀሳብ ቀላሉን መልክ በ2020 ጥሎታል፣ ሌሎች መልኮች ግን አሉ። ጆናታን ኦፐንሃይም ደሞ በ2023 ስበት ኳንተም ሳይሆን መቆየት የሚችልበትን ቲዎሪ አውጥቷል፣ ከፊዚክስ ሊቃውንቱ ከሮቬሊ እና ከፔኒንግተን ጋር 5000 ለ1 ተወራርዷል። በ2025 ደሞ ሁለት ተመራማሪዎች ኔቸር የሚባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ፣ ኳንተም ያልሆነ ስበትም ቢሆን ቁሱ ራሱ ኳንተም ስለሆነ በሌላ በር ትንሽ መጠላለፍ ሊፈጥር ይችላል ብለው ፅፈዋል፣ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም፣ ክርክሩ ጦፏል። ማለት ሽማግሌው ባዶ እጁን ቢሆንም ሰዎቹ በጓሮ በር ተገናኝተው ሊሆን ይችላል ነው የሚሉት። ይሄ ክርክር መልካም ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ሲጠየቅ ነው ሚጠነክረው። እኔ በግሌ ስበትም ኳንተም ነው ብዬ ነው ማስበው፣ ተፈጥሮ አንዱን ልጅ ለብቻ በሌላ ህግ ታሳድጋለች ብዬ ማመን ይከብደኛል፣ ግን እምነቴ መለኪያ አይደለም፣ አልማዞቹ ናቸው መናገር ያለባቸው።

ባለፈው ሰሞን የዛች ልጅ ስልክ ከድሮ የክፍል ጓደኛዋ አገኘሁና ቴሌግራም ላይ ፃፍኩላት። አሁን ነርስ ናት፣ አብዛኛውን የማታ ተረኛ። ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ ያን ቀን ስለ ስበት የጠየቅሽኝን ታስታውሺያለሽ ወይ አልኳት። አላስታወሰችም። እኔ ግን ጀመርኩ፣ በድምፅ፣ አንዱን መልእክት እየጨረስኩ ሌላውን እየቀጠልኩ፣ ሽማግሌውንም አልማዙንም ወርቁንም፣ አስራ አንድ ደቂቃ ሆነ። መልሱን ያኔ አላውቀውም ነበር፣ አሁንም ማንም አያውቀውም፣ ጥያቄሽ ግን ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፣ ያን ቀን እንደዛ ልልሽ ይገባኝ ነበር አልኳት።

ሌሊት ስምንት ሰአት ላይ መልሷ መጣ። እግዜር ይስጥልኝ ምናምን አላለችም። "ቲቸር፣ አልማዙን ያ ሁሉ ጊዜ ምን ይይዘዋል? ከነካው አየው ማለት ነው ብለዋል፣ ካልተነካ ደሞ ይወድቅ የለ እንዴ?"

ይወድቃል አልኳት፣ እየወደቀ ነው የሚለካው፣ በሀሳቡ ላይ ነፃ ሆኖ ነው የሚወርደው። ሁለት ሰከንድ ተኩል ስንት ሜትር እንደሚያወርድ ግማሽ ጂ ቲ ስኩዌር ብለሽ አስይው አልኳት፣ ቀመሩን ትረሳዋለች ብዬ አልገመትኩም። ትንሽ ቆይታ 30 ብላ ላከች፣ ቀጥላም "የኛ ሆስፒታል አምስት ፎቅ ነው፣ አይበቃም" አለች። ጀርመን ብሬመን ውስጥ ለዚህ አይነት ስራ የተሰራ 146 ሜትር ማማ አለ፣ ውስጡ አየር የሌለው ቱቦ፣ አንድ ነገር ከላይ ሲለቁት 4.7 ሰከንድ ያህል በነፃ ይወርዳል፣ ፎቶውን ላኩላት። አየችው፣ ሁለቱ የንባብ ምልክቶች መጡ፣ ከዛ "እየፃፈች ነው" የሚለው ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ። ደወል ተደውሎላት ወደ በሽተኛ ሄዳ ይሆናል። ስልኩን ሳልዘጋ ጠበኳት።